ፈጣን፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ? ለእጃችሁ የሚስማማውን የፍላይ ዘንግ ስለመምረጥ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ፍላይ ፊሺንግ (ከላባና ከጸጉር በተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ) ልጀምር ብሎ ሱቅ የገባ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «ፈጣን ዘንግ ነው የምትፈልገው ወይስ መካከለኛ?» የሚል ነው። ብዙ ሰው «ፈጣን» ብሎ ይመልሳል። ይገባኛል፤ ማን በገንዘቡ ቀርፋፋ ነገር ይገዛል? ሻጩም አይከፋውም። ውድ ከሚባሉት ዘንጎች ብዙዎቹ ፈጣን ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ዳር ነው። ዘንጉ ግትር ይላል፣ ክሩ እግር ስር ይከመራል፣ ሰውዬውም «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ያልሆነው ግን ዘንጉ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ምርጫው አንድ ጥያቄ ላይ ነው የሚያርፈው፦ በእውነት በምትወረውሩበት ርቀት ላይ ዘንጉ ሲታጠፍ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል? ከተሰማችሁ ዘንጉ የእናንተ ነው። ካልተሰማችሁ 1,000 ዶላርም ቢያወጣ የሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ

በተለመደው ማጥመድ ክሩን ይዞ የሚሄደው ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ወይም ከባድ ማጥመጃ ነው። በፍላይ ግን ከላባና ከጸጉር የተሠራችው ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ክሩ ወደ ኋላ ሄዶ ይዘረጋል፤ ወደ ፊት ስትመልሱት ክብደቱ ዘንጉን ያጥፈዋል። ከዚያ እጃችሁን ስታቆሙ ዘንጉ ይቃናና ክሩን ያስፈነጥረዋል። ሥራው ሁሉ ይሄው ነው።

አክሽን የሚባለው ዘንጉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ፈጣኑ በአብዛኛው ከጫፉ አካባቢ፣ የላይኛው ሲሶው ላይ ይታጠፋል። መካከለኛው እስከ ግማሹ ድረስ ይወርዳል። ለስላሳው ከጫፍ እስከ እጀታ ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ ቶሎ የሚቃናው ፈጣኑ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። 4፣ 5፣ 8 የሚለው ዘንጉ የተሠራለትን የክር ክብደት ይነግራችኋል። 8 ቁጥር ከ4 ቁጥር «ፈጠነ» አይባልም፤ ከባድ ክር ይወረውራል እንጂ። ፈጣን 4 ቁጥርም አለ፣ ለስላሳ 8 ቁጥርም አለ። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዴ ሻጭም ጭምር።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። በመለኪያው መሠረት የ5 ቁጥር ክር የመጀመሪያው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማው፣ 140 ግሬን ይመዝናል። ወደ 9 ግራም ነው። ዘንጉም በግምት ይህን ክብደት አስቦ የተሠራ ነው። እናንተ ግን ትንሽ ጅረት ላይ ቆማችሁ ያወጣችሁት ክር 15 ጫማ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ላይ ያረፈው ክብደት ከግማሹም ያንሳል፤ የክሩ ጫፍ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ፈጣን ዘንግ በዚህ ክብደት አይነቃነቅም። ለስላሳው ግን በዚያችው ትንሽ ክብደት ይታጠፋል። ስለ አክሽን የሚባለው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፈጣን ዘንግ

ፈጣን ዘንግ ክሩን በፍጥነት ይልካል፣ ሉፑም ጠባብ ይሆናል። ሉፕ የምንለው ክሩ አየር ላይ ታጥፎ ሲሄድ የሚሠራውን ቅርጽ ነው፤ ሲጠብ ነፋስን ይሰነጥቃል፣ ሲሰፋ ነፋስ ይመታዋል። ሰፊ ውኃ ላይ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከባድ ዝንብ ለመወርወር ፈጣኑን የሚወዳደረው የለም።

የሚጠይቀው ዋጋ ግን አለ። እጃችሁን ለማንቀሳቀስ ትክክለኛዋ ቅጽበት አጭር ናት። እጃችሁ የሚሄድበት መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ፣ አቋቋሙም ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ትንሽ ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ዘንጉ አይሸፍንላችሁም። በተጨማሪም የፈጣን ዘንግ ጥቅም ጎልቶ የሚወጣው በሌላው እጅ ክሩን እየጎተቱ መወርወርን ለሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ገና ካልለመዳችሁ ግማሹን ጥቅም ሱቅ ውስጥ ትታችሁት ነው የምትወጡት።

መካከለኛ እና መካከለኛ-ፈጣን

መካከለኛው ከ8 እስከ 15 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ፈታ ብሎ ይሠራል። ዝንቧን ውኃው ላይ በቀስታ ያሳርፋል። እጅ ላይ የሚሰማው ነገር ግልጽ ነው፤ አሁን ታጠፈ፣ አሁን ተቃና ትላላችሁ። ትራውት የሚባለው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘውም ከዚህ ርቀት ባልዘለለ ቦታ ነው። ቪዲዮ ላይ 30 ሜትር የሚወረውሩትን አትዩአቸው፤ እነሱ ካሜራ እያጠመዱ ነው።

መካከለኛ-ፈጣኑ በሁለቱ መሃል ይገባል። አንድ ዘንግ ብቻ ለሚገዛ ሰው፣ ያለ ብዙ ማመንታት የምመክረው ይሄንን ነው፦ 9 ጫማ ርዝመት፣ 5 ቁጥር፣ መካከለኛ-ፈጣን። ቅርብ ላይ አይሞትም፣ ራቅ ሲልም አይንጠለጠልም። ከክርና ከሪል (ክሩ ከሚጠቀለልበት ዕቃ) ጋር ተጣምሮ የሚሸጥ፣ ከ200 ዶላር በታች የሚገኝ ደህና ዕቃ አለ።

ለስላሳ ዘንግ

ግትር የሆነው የግራፋይት (የካርቦን) ዘንግ ገበያ ላይ የወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚወረውረው በቀርከሃ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በፋይበርግላስ ነበር። ያን ጊዜ ለስላሳነት ምርጫ አልነበረም፤ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ፋይበርግላስ ተመልሶ መጥቷል፣ ብዙ ኩባንያዎችም ይሠሩታል። የሚገዙት ደግሞ ያረጁ ሰዎች ብቻ አይደሉም።

ለስላሳው ሁለት ነገር ላይ ይበልጣል። አንደኛው በአጭር ክር መታጠፉ ነው። ሁለተኛው ቀጭን ክር ማዳኑ ነው። ከዝንቧ ጋር የሚታሰረው ቀጭን ክር፣ ቲፔቱ፣ 6ኤክስ የሚባለው መጠን ከሆነ ውፍረቱ 0.127 ሚሊሜትር ነው፣ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም። ዓሣው ድንገት ሲፈተለክ ግትር ዘንግ ይበጥሰዋል፤ ለስላሳው ታጥፎ ድንጋጤውን ይውጠዋል።

ነፋስ ላይ ግን ያሳዝናል። እርሳስ ያለባት ዝንብ ስታስሩበትም ይንገዳገዳል።

«ጀማሪ ለስላሳ ይግዛ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው

ይህን ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። እውነት የሆነው ግማሹ፦ ለስላሳ ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጣል፣ ሲታጠፍም በግልጽ ይሰማል። ሰዓት መጠበቅ ለሚያቅተው ሰው ጥሩ አስተማሪ ነው። ወደ ኋላ የላኩት ክር እስኪዘረጋ መጠበቅ ለጀማሪ ከሁሉም ይከብዳል። ክራችሁ ከኋላ እንደ ቡሄ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ዝንቧም ተበጥሳ ቀርታለች።

እውነት ያልሆነው ግማሽ የሚመጣው ጉልበት ላይ ነው። ለስላሳ ዘንግ በኃይል ሲገፉት ከልክ በላይ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል። ክሩ የሚከተለው ጫፉን ስለሆነ የላይኛው ክር ወርዶ የታችኛውን ያቋርጣል። ከዚያ ሊደሩ ላይ፣ ማለትም ዋናውን ክር ከዝንቧ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ክር ላይ፣ ትንንሽ ቋጠሮዎች ታገኛላችሁ። ሰው በነፋስ ያሳብባል፤ ጥፋቱ ግን የእጅ ነው። ስለዚህ ጉልበተኛና ችኩል እጅ ያለው ጀማሪ ለስላሳ ዘንግ ሲይዝ ቀኑን ሙሉ ቋጠሮ ሲፈታ ይውላል። እሱ መካከለኛ-ፈጣን ቢይዝ ይሻለዋል። ረጋ ያለ እጅ ያለው ሰው ደግሞ ለስላሳውን ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወድደው ይችላል።

ራሳችሁን ለማወቅ ወጪ አያስፈልግም። ከጓደኛ ዘንግ ተውሳችሁ ሣር ላይ ውጡ፤ መንጠቆውን አንሱና ቀይ የሱፍ ክር ቁራጭ እሰሩ። ስልካችሁን ከጎን አቁማችሁ በዝግታ ቅረጹ። ቪዲዮው ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

የመጀመሪያው የኋላው ክር ነው። እጃችሁ ወደ ፊት ሲነሳ ክሩ ተዘርግቶ ነበር? ገና ታጥፎ ከሆነ ከዘንግ በፊት ትዕግሥት ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ መካከለኛ ዘንግ ያንን ያስተምራል። ሁለተኛው የዘንጉ ጫፍ መንገድ ነው። ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከሄደ ሉፑ ይጠብባል። ጎብጦ፣ ጣሪያ እንደሚጠርግ ከዞረ ሉፑ ይሰፋል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የእጅ አንጓ መታጠፍ ነው። ፈጣን ዘንግ ይህን አያስተካክልም፣ ስህተቱን አፍጥኖ ይልከዋል እንጂ። ሦስተኛው ማቆሚያው ነው። እጃችሁ ከኋላም ከፊትም ቁርጥ ብሎ ይቆማል ወይስ እየተንሸራተተ ይወርዳል? ቁርጥ ብሎ የሚቆም እጅ ካላችሁ፣ በ12 ሜትር ርቀት ላይም የተቀመጠ ሳህን አጠገብ ደጋግማችሁ ካሳረፋችሁ፣ ፈጣን ዘንግ ያስደስታችኋል።

የሜሪላንዱ ታዋቂ የፍላይ አስተማሪ ሌፍቲ ክሬህ ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የቆየው፣ ክንድን የሰዓት ገጽ ላይ እንዳሉት ቁጥሮች ከ10 እስከ 2 ብቻ ማንቀሳቀስ የሚለው የድሮ ሕግ አይሠራም ብሎ ነው። ክሩ ሲረዝም የእጅ መንገድም ይረዝማል። ለዘንግ ምርጫም ይሠራል፦ ለስላሳ ዘንግ ረጅም የእጅ መንገድ ይፈልጋል፣ ፈጣን ዘንግ አጭር። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መወርወር የሚቀናችሁ ከሆነ ፈጣኑ ላይ ትርፍ እንቅስቃሴ ይሆንባችኋል።

ከዚያ ውኃውን አስቡ

ችሎታ ብቻውን አይበቃም፤ እዚሁ አካባቢያችን ያሉት ውኃዎች የተለያየ ነገር ነው የሚጠይቁት። ወደ አንዳቸውም ስትሄዱ ግን ፈቃድ ሳታወጡ እንዳትሄዱ።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ተራራው ላይ የሚወርዱት ጅረቶች የአገሬው ብሩክ ትራውት ቤት ናቸው። ራፒዳን ወንዝ ከነዚያ አንዱ ነው። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 ማረፊያ ያሠሩት እዚያ ነው፤ ሰውየው የለየላቸው የፍላይ አጥማጅ ነበሩ፣ ከዋሽንግተን ሸሽተው ለትራውት ነበር የሚሄዱት። ቅርንጫፍ ከላይ ይሸፍናል፣ ወደ ኋላ የሚወረወርበት ቦታ የለም። ብዙ ጊዜ ዝንቧን በሁለት ጣት ይዞ፣ ዘንጉን ወደ ኋላ ጎትቶ አጉብጦ፣ መልቀቅ ብቻ ነው። ለዚህ 7 ወይም 7 ጫማ ተኩል የሆነ ለስላሳ 3 ቁጥር የመሰለ የለም። ዘጠኝ ጫማ ፈጣን ዘንግ ይዞ እዚያ መግባት ቅርንጫፍ ማጥመድ ነው።

ጋንፓውደር ፎልስ የሚባለው ወንዝ፣ ከባልቲሞር በስተ ሰሜን፣ ሌላ ዓለም ነው። ከፕሪቲቦይ ግድብ ስር ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚለቀቅ በሐምሌም ትራውት ይኖርበታል። ዓሦቹ እዚያው በዱር የተወለዱ ብራውን ትራውት ናቸው፤ ውኃው ጥርት ያለ፣ ዝንቦቹ ጥቃቅን፣ ቲፔቱ ቀጭን። እዚህ መካከለኛ 4 ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ፈጣን ዘንግ የሚወድ ሰው እዚህ ዓሣ አይይዝም አልልም፤ ብዙ ቲፔት ግን ይገዛል።

ሚያዝያ አካባቢ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ላይ ይወጣል። ዲሲ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ በሚባለው ቦታ ጀልባ ተከራይታችሁ ወደ መሃል መቅዘፍ ነው። ዓሣው ጥልቅ ውስጥ ስለሆነ የሚሰጥም ክር ያስፈልጋል፣ የሚሰጥም ክር ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰው ወዲያው ፈጣንና ጠንካራ ዘንግ ያስባል። እኔ አልስማማም። የሻድ አፍ ስስ ነው፣ መንጠቆው ቶሎ ይቀደዋል። ግትር ዘንግ ይዞ እልህ የተጋባ ሰው ግማሹን ዓሣ ጀልባው አጠገብ ይሸኛል። መካከለኛ-ፈጣን 6 ወይም 7 ቁጥር ክሩንም ይሸከማል፣ አፉንም አይቀድም።

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲደርስ ግን ክርክሩ ያበቃል። ነፋስ አለ፣ ጀልባው ይናወጣል፣ ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ዓሣ ሲታይ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። እዚያ የሚወረወረው ክላውዘር የሚባለው የዝንብ ዓይነት ራሷ ላይ የብረት ዓይን አላት፣ ከባድ ናት። ፈጣን 8 ቁጥር ያዙ። መወርወር ገና ካልቻላችሁ ወደዚያ ለመሄድ አትቸኩሉ፤ በነፋስ ያቺ ዝንብ ወደ ጆሮ ስትመጣ ደስ አይልም። ኮፍያና መነጽር ምንጊዜም አይቅሩ።

ሱቅ ውስጥ

ኩባንያዎቹ ለአክሽኑ የሚሰጡትን ስም አትመኑ። እንደ ክሩ ክብደት ወጥ የሆነ መለኪያ የለውም። አንዱ «መካከለኛ-ፈጣን» የሚለውን ሌላው «ፈጣን» ይለዋል።

ዘንጉን አየር ላይ ማርገብገብ ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ የሚነግራችሁ ነገር ግን ትንሽ ነው። ካረገበገባችሁት በኋላ ድንገት አቁሙና ጫፉን ተመልከቱ፤ ቶሎ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ከቆየ ክሩም ላይ ሞገድ ይሠራል። ከዚያ ክር ይግባበትና ባለሱቁ የክሩን ጫፍ ይያዝላችሁ። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ የት ድረስ እንደሚታጠፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የዘንጉን ጫፍ በእጅ ይዞ ማጉበጥ ግን አይሞከርም፤ የሚሰበረው እንደዚያ ነው። የሚሻለው ደጅ ወጥቶ መወርወር ነው። ብዙ የፍላይ ሱቆች ይፈቅዳሉ፣ የማይፈቅድ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ስትወረውሩ በ20 ሜትር አትጀምሩ። በ6 ሜትር ጀምሩ፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 12። እዚያ ውስጥ ነው የምታጠምዱት።

ቀድሞ ፈጣን ዘንግ ገዝታችሁ እጅ አልገባ ካላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ክሩን ቀይሩ። 5 ቁጥር ፈጣን ዘንግ ላይ 6 ቁጥር ክር ሲገባ ዘንጉ በቅርብ ርቀትም ይታጠፋል፣ ቀስ ያለ ይመስላል። የ6 ቁጥር መለኪያ 160 ግሬን ነው፤ 20 ግሬን ብቻ ጨመረ ማለት ነው፣ እጅ ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። ክር ከዘንግ በብዙ ይረክሳል። አንድ ጥንቃቄ፦ ዛሬ የሚሸጡ አንዳንድ ክሮች ከተጻፈባቸው ቁጥር በግማሽ ወይም በአንድ ደረጃ ከብደው የተሠሩ ናቸው። ካርቶኑ ላይ የግሬኑን ቁጥር አንብቡ፣ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ታከብዱታላችሁ።

አገር ቤት ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ትራውት አለ። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ወንዞች ይገኛል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ የሚጠለፍበት ዛፍ ጥቂት ነው፣ ነፋሱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ የሸናንዶዋውን ለስላሳ 3 ቁጥር እዚሁ ተዉት። አራት ቦታ የሚፈታ 9 ጫማ፣ 5 ቁጥር መካከለኛ-ፈጣን ዘንግ ያዙ፤ ማኅደሩ 80 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ሊገባ ይችላል። ስለ ማጥመጃ ፈቃድ ከመሄዳችሁ በፊት ፓርኩን ጠይቁ፤ ዝንብና ቲፔትም ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።